ከአፕ ውስጥ ሆኖ የስልኩን ሙሉ ስክሪን ማንሳት

ጥያቄው የመጣው ከሰፖርት፣ ማለትም ደንበኞችን ከሚረዳው ክፍል ነው። የምንሠራው አፕ ባለሱቆች ከአከፋፋይ ዕቃ የሚያዙበት ነው። የሆነ ነገር እምቢ ሲላቸው ይደውላሉ። ጥሪው ሁሌም ተመሳሳይ ነው።

"ጋሼ፣ ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?"

"ቀይ ነገር መጣ፣ ከዚያ ጠፋ።"

"ጽሑፉ አማርኛ ነው እንግሊዝኛ?"

"ቶሎ ጠፋብኝ እኮ የኔ ልጅ!"

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግምት ነው። የሰፖርት ኃላፊዋ ስለሰለቻት አንድ በተን ጠየቀች። ባለሱቁ ሲነካው የስልኩ ስክሪን ተነስቶ በቀጥታ ወደ እኛ ይምጣ። የኛ አፕ ብቻ ሳይሆን የስልኩ ሙሉ ስክሪን።

ሲሰሙት ቀላል ነው። ፓወርና የድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ሲጫኑ ስልኩ ራሱ ያነሳ የለ? ኮድ ለምን ያቅተዋል? ይሄን ጥያቄ አፕ የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው ሲጠይቁ ስለማይ፣ የሄድኩበትን መንገድ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። አብዛኛው ስለ አንድሮይድ ነው። አይፎን ወደ መጨረሻው ይመጣል፤ እሱ ላይ ብዙም የሚባል የለም።

የማን ስክሪን?

ስልካችሁ ላይ የምታዩትን ምስል የሣለው አንድ አፕ አይደለም። ሰዓቱንና ባትሪውን የያዘውን የላይኛውን መስመር የሚሥለው ሲስተሙ ነው። ኪቦርዱ ራሱን የቻለ ሌላ አፕ ነው። ከታች ያሉት የመመለሻ በተኖችም የኛ አይደሉም። ሁሉም የየራሱን መስኮት ለብቻው ይሥላል። ሰርፌስ ፍሊንገር የሚባለው የሲስተሙ ክፍል ደግሞ እነዚህን ደራርቦ አንድ ምስል ያደርጋቸዋል። የኛ አፕ የሚያውቀው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው። ይሄ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ማንኛውም የካልኩሌተር አፕ የባንክ ሒሳባችሁን ቁጭ ብሎ ያነብ ነበር።

ስለዚህ ኮድ ከመጻፌ በፊት ወደ ሰፖርት ክፍል ሄጄ የቆዩ ጥሪዎችን አብረን አየን። አብዛኛው ችግር እዚያው የኛ አፕ ውስጥ ነው። ከአፑ ውጭ ያሉት ጥቂት ቢሆኑም አስቸጋሪዎቹ እነሱ ናቸው። ለመክፈል ወደ ሌላ አፕ ሄዶ መመለስ ያቃተው አለ። ኖቲፊኬሽን አልመጣልኝም የሚል አለ። ሴቲንግ ውስጥ የሆነ ነገር ዘግቶ የማያስታውስም አይጠፋም። ይሄን ስናይ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ለአብዛኛው የራሳችንን መስኮት ማንሳት ይበቃል። ለቀሪው ሙሉ ስክሪኑ ያስፈልጋል። እናንተም ይሄን ሳትለዩ አትጀምሩ፤ የሁለቱ ድካም ጨርሶ አይገናኝም።

የራስን መስኮት ማንሳት

ለዚህ ምንም ፈቃድ አያስፈልግም። ድሮ የተለመደው ድሮዊንግ ካሽ የሚባለው መንገድ ነበር፤ ኢንተርኔት ላይ ያሉ የቆዩ መልሶች አሁንም እሱን ይነግሯችኋል። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ጊዜው ያለፈበት ስለተባለ እለፉት።

ቀላሉ መንገድ በስክሪኑ ልክ ባዶ ቢትማፕ (የፒክስሎች ሰሌዳ) መፍጠር፣ ካንቫስ (መሣያ) ማያያዝ፣ ከዚያ ዋናውን ቪው (ገጹን የያዘውን ክፍል) እዚያ ላይ እንዲሣል ማዘዝ ነው። ጽሑፍና በተን ብቻ ላለው ገጽ በትክክል ይሠራል። ሁለት ቦታ ላይ ግን ያቆማችኋል። አንደኛው፣ ፎቶዎችን የምታወርዱት እንደ ኮይል ወይም ግላይድ ባለ ላይብረሪ ከሆነ ነው። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ምስሎቹ ሃርድዌር ቢትማፕ ሆነው፣ ማለትም ግራፊክስ ቺፑ ሜሞሪ ላይ ብቻ፣ ሊቀመጡ ይችላሉ። እነዚህን በተራ ካንቫስ ላይ ለመሣል ስትሞክሩ ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ወርውሮ አፑ ይወድቃል። ሁለተኛው፣ ካርታ፣ ቪዲዮ ወይም የካሜራ እይታ ያለበት ገጽ ነው። በቦታው ጥቁር ባዶ ቦታ ብቻ ታገኛላችሁ። እነዚህን የሚያሳየው ሰርፌስ ቪው የሚሣለው ከመስኮቱ ውጭ በራሱ ሰርፌስ ላይ ስለሆነ ነው። የኛ አፕ የባርኮድ ስካነር አለው፤ ደንበኞች በብዛት የሚያማርሩትም በዚያ ገጽ ነው። ስለዚህ ይሄን ማለፍ አልቻልንም።

መፍትሔው ፒክስል ኮፒ ነው። ቪውው እንደገና እንዲሣል አያዝም፤ ግራፊክስ ቺፑ ሠርቶ የጨረሰውን ምስል ይቀዳል። ሰርፌስ ቪውን ለመቅዳት ከአንድሮይድ 7፣ ሙሉ መስኮትን ለመቅዳት ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ይሠራል። የሃርድዌር ቢትማፑ ችግር በዚህ ይጠፋል። መስኮቱን ስትቀዱ ግን ውስጡ ያለው ሰርፌስ ቪው አሁንም አብሮ አይመጣም። ሁለቱን ለየብቻ ቀድታችሁ አንዱን በሌላው ላይ ራሳችሁ መለጠፍ አለባችሁ። ካሜራ ኤክስ የሚባለውን የካሜራ ላይብረሪ ለምትጠቀሙ እፎይታ አለ፤ ፕሪቪው ቪው ራሱ ቢትማፕ ይሰጣችኋል። መልሱ የሚመጣው ትንሽ ቆይቶ በኮልባክ፣ ማለትም ሥራው ሲያልቅ ሲስተሙ በሚጠራው ኮድ፣ ነው። የመጣው የተሳካ መልስ መሆኑን ሳታረጋግጡ ቢትማፑን አትላኩ።

ዳያሎግ (ብቅ የሚል ሳጥን) ደግሞ የራሱ መስኮት አለው። ዳያሎግ ተከፍቶ ሳለ የአክቲቪቲውን (የዋናውን ገጽ) መስኮት ብትቀዱ፣ ደንበኛው "ስህተት አለ የሚል ሳጥን መጣ" እያለ የሚደርሳችሁ ፎቶ ላይ ሳጥኑ የለም። የዳያሎጉን መስኮት ለብቻ መቅዳት ያስፈልጋል። ቶስትም (ለአፍታ ብቅ ብሎ የሚጠፋ አጭር ጽሑፍ) እንደዚሁ፤ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ የጽሑፍ ቶስትን የሚሥለው ሲስተሙ ነው።

እዚህ ላይ ስለዚያ "ቀይ ነገር" ልንገራችሁ። ስናክባር ነበር፤ ከታች ብቅ የሚል የመልእክት መስመር። ሦስት ሰከንድ ያህል ታይቶ ይጠፋል። ባለሱቁ ሜኑ ከፍቶ "ችግር አለ" የሚለውን እስኪነካ ድረስ ቀዩ ነገር የለም፤ ፎቶው ላይ የሚቀረው ንጹህ ገጽ ነው። ማንኛውም በሰው እጅ የሚነሳ ስክሪንሾት ችግሩ ካለፈ በኋላ ነው የሚነሳው። ስለዚህ የስህተት መልእክት በታየ ቁጥር አፑ የራሱን መስኮት አንስቶ ሜሞሪ ላይ ብቻ እንዲይዘው አደረግን። ደንበኛው "ላክ" ካላለ አይሄድም፤ አፑ ሲዘጋ ይጠፋል። እውነት ለመናገር ከሁሉም ሥራችን ለሰፖርት ክፍል ከፍተኛውን ጥቅም የሰጠው ይሄ ነው። ከሙሉ ስክሪኑም በላይ።

ፍላተር በሚባለው የአፕ መሥሪያ የምትሠሩ ሪፔይንት ባውንደሪ የሚባለው ዊጀት ምስል ያወጣላችኋል፤ ከውስጥ የተከተቱ ካርታና ዌብ ቪው ግን ላይታዩ ይችላሉ። ሌላው መሥሪያ በሆነው በሪአክት ኔቲቭም የተዘጋጀ ላይብረሪ አለ። ሁለቱም የሚያነሱት የራሳችሁን አፕ ብቻ ነው፤ ሙሉ ስልክ ስትፈልጉ ወደ ኔቲቭ (የስልኩ የራሱ) ኮድ መውረዳችሁ አይቀርም።

ሙሉ ስልኩ፦ ሚዲያ ፕሮጀክሽን

ለተራ አፕ የተከፈተው በር ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከአንድሮይድ 5 ጋር የመጣ ነው። የተሠራው ስክሪን ለመቅረጽና ወደ ሌላ መሣሪያ ለማስተላለፍ ነው። እኛ ከሚፈሰው ምስል ላይ አንዷን ፍሬም (ነጠላ ምስል) ብቻ ወስደን እንዘጋዋለን።

ሒደቱ እንዲህ ነው። አፑ ስክሪን ላንሳ ብሎ ሲስተሙን ይጠይቃል። ሲስተሙ የራሱን የፈቃድ ዳያሎግ ያወጣል፤ እዚያ ላይ ያለውን ጽሑፍ መቀየር አይቻልም። ሰውየው ከፈቀደ ፈቃዱን የያዘ ኢንቴንት (የሲስተሙ መልእክት) ይመለስላችኋል። በእሱ ሚዲያ ፕሮጀክሽኑን ታገኛላችሁ። ከዚያ ምስሉን የሚቀበል ኢሜጅ ሪደር ትፈጥራላችሁ። ቀጥላችሁ ቨርቹዋል ዲስፕሌይ (ምናባዊ ስክሪን) ከፍታችሁ ከሪደሩ ሰርፌስ ጋር ታገናኙታላችሁ። ሲስተሙ ስክሪኑን እዚያ ላይ መገልበጥ ይጀምራል። ምስል ሲደርስ ትወስዳላችሁ፣ ሁሉንም ትዘጋላችሁ።

ሲነገር አጭር ነው። የሚያስቸግረው ቅደም ተከተሉ ነው፤ በየአንድሮይዱ እየጠበቀ መጥቷል። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ይሄ ሁሉ የሚደረገው ፎርግራውንድ ሰርቪስ (ለተጠቃሚው ኖቲፊኬሽን እያሳየ የሚሠራ የአፑ ክፍል) እየሠራ ነው፤ የሰርቪሱ ዓይነትም ሚዲያ ፕሮጀክሽን ተብሎ ማኒፌስቱ (የአፑ መግለጫ ፋይል) ላይ መጻፍ አለበት። በአንድሮይድ 14 ደግሞ ለዚህ ዓይነት ሰርቪስ የተለየ ፐርሚሽን መጻፍ ግድ ሆነ። ቅደም ተከተሉም ተቆለፈ። መጀመሪያ የሰውየው ፈቃድ፣ ቀጥሎ ሰርቪሱን ማስነሳት፣ ቀጥሎ ፕሮጀክሽኑን መውሰድ። ሰርቪሱን ከፈቃዱ አስቀድማችሁ ብታስነሱት ሴኪዩሪቲ ኤክሴፕሽን ነው። ቨርቹዋል ዲስፕሌዩን ከመክፈታችሁ በፊት ፕሮጀክሽኑ ሲቆም የሚጠራ ኮልባክ ማስመዝገብም ግዴታ ነው፤ ሳታስመዘግቡ ብትከፍቱ አፑ ይወድቃል።

ሌላም አለ። ድሮ አንድ ጊዜ የተገኘውን ፈቃድ አስቀምጦ ደጋግሞ መጠቀም ይቻል ነበር። ብዙ የቆዩ የኮድ ምሳሌዎች እንደዚያ ነው የተጻፉት። አንድሮይድ 14 ላይ ያ ቀርቷል። አንድ ፈቃድ ለአንድ ጊዜ ነው፤ በአንዱ ፕሮጀክሽን ሁለተኛ ቨርቹዋል ዲስፕሌይ ለመክፈት ብትሞክሩ አይፈቀድም። አለቃችሁ "አንዴ ከፈቀደልን በኋላ በየአምስት ደቂቃው እያነሳ ይላክልን" ካለ መልሱ አይሆንም ነው። ቢሆንም ባልሠራው ነበር።

አንድሮይድ 14 ካላቸው ስልኮች መካከል አንዳንዶቹ ላይ ዳያሎጉ ሌላ ምርጫም ያቀርባል፦ ሙሉ ስክሪን ወይስ አንድ አፕ ብቻ? ሰው አንድ አፕ ከመረጠ የሚደርሳችሁ የዚያ አፕ ምስል ብቻ ነው። ጥያቄውን ስትልኩ ሙሉ ዲስፕሌዩን ብቻ እንደምትፈልጉ የሚገልጽ ኮንፊግ ማያያዝ ይቻላል። ለኛ ሥራ ያንን ተጠቀምን፤ ባለሱቁን ምርጫ ውስጥ መክተት ጥሪውን ማብዛት ነው።

አሁን ወደ ምስሉ ራሱ እንምጣ። መጀመሪያ በሞከርነው ስልክ ላይ ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። ሌላ ስልክ ላይ ደግሞ ምስሉ በሰያፍ ተንሻፎ፣ ጽሑፉ ሁሉ ወደ ጎን ፈሶ መጣ። ኢሜጅ ሪደር የሚሰጣችሁ ባይት ነው። አንዳንድ ስልኮች በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ለራሳቸው አመቺነት ባዶ ባይት ይጨምራሉ። የመስመሩን ትክክለኛ ርዝመት የሚነግራችሁ ሮው ስትራይድ የሚባለው ቁጥር ነው። በምሳሌ ልንገራችሁ። የስክሪኑ ስፋት 720 ፒክስል ከሆነ፣ አንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚይዝ አንድ መስመር 2880 ባይት ነው። ሮው ስትራይዱ ግን 3072 ሊል ይችላል። ትርፉ 192 ባይት፣ ማለትም 48 ፒክስል ነው። ስለዚህ ቢትማፑን በ768 ስፋት ትፈጥሩና ባይቶቹን ትገለብጣላችሁ፣ ከዚያ ወደ 720 ትቆርጡታላችሁ። ምስል ተንሻፎ ያየ ሰው ሌላ ነገር ሳይፈልግ መጀመሪያ ይሄን ይመልከት።

ስፋትና ቁመቱን ከየት እንደምታመጡም አስቡበት። ብዙ ምሳሌዎች ላይ ያለው ልኬት የስታተስ ባሩንና የታችኛውን በተኖች ቦታ ይቀንሳል። የሚያስፈልጋችሁ የእውነተኛው ስክሪን ልኬት ነው፤ ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ከዊንዶው ማኔጀር የሙሉውን መስኮት ልኬት ማግኘት ይቻላል።

የጊዜ ጉዳይም አለ። ፈቃድ እንደተሰጠ ወዲያው ብታነሱ ፎቶው ላይ ያው የፈቃድ ዳያሎግ ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ ቀርቶ ይታያል። "እንግዲያው የመጀመሪያውን ፍሬም ጥዬ ሁለተኛውን ልውሰድ" የሚል ሐሳብ ይመጣል። አትሞክሩት። ስክሪኑ ላይ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ሁለተኛ ፍሬም ላይመጣ ይችላል፤ አፑ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የሚሻለው መጀመሪያ ትንሽ ጠብቆ፣ ቨርቹዋል ዲስፕሌዩን ከዚያ በኋላ መክፈት ነው። ያኔ የመጀመሪያው ፍሬም ንጹህ ይሆናል።

ይሄ መጠበቅ ሌላም ችግር ፈታልን። በተኑ ያለው የኛ አፕ ውስጥ ነው። የምንፈልገው ደግሞ ሌላ አፕ ላይ ያለውን ችግር ነው። ባለሱቁ በተኑን ሲነካ ስክሪኑ ላይ ያለው የኛው አፕ ከሆነ ምን እናነሳለን? በሌሎች አፖች ላይ የሚንሳፈፍ በተን መሥራት ይቻላል፤ ግን ተጨማሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ኖቲፊኬሽኑ ላይ "አሁን አንሳ" የሚል ማስቀመጥም ይቻላል፤ ያኔ ደግሞ ከላይ ወደ ታች የተጎተተው የኖቲፊኬሽን ገጽ አብሮ ይነሳል። እኛ የመረጥነው ቆጠራ ነው። ከፈቀደ በኋላ "በ10 ሰከንድ ውስጥ ችግሩ ወዳለበት ገጽ ይሂዱ" እንለዋለን። ሰርቪሱ ይቆጥራል፣ ያነሳል፣ ንዝረት ይሰጣል። ቀላል ነው፣ ስልክ ላይ ሆኖ ለማስረዳትም ይመቻል።

ሲጨርስ ቨርቹዋል ዲስፕሌዩን፣ ሪደሩን፣ ፕሮጀክሽኑን፣ ሰርቪሱን በሙሉ ዝጉ። አንዱ ከቀረ ስክሪን እየተቀረጸ ነው የሚለው ምልክት ከላይ ይቀራል፤ ሰውም "ስልኬን እያያችሁ ነው" ብሎ ቢደውል አይፈረድበትም። ደግሞ ፕሮጀክሽኑ ያለ እናንተ ትእዛዝም ሊቆም ይችላል። ሰውየው ከላይ ካለው ምልክት ያቆመዋል፣ ወይም አዲሶቹ የአንድሮይድ 15 ስሪቶች ላይ ስልኩ ሲቆለፍ በራሱ ይቋረጣል። ያስመዘገባችሁት ኮልባክ ለዚህ ነው።

ጥቁር ሲመጣ

ይሄ ሁሉ ተሠርቶ፣ የመጀመሪያው የክፍያ ቅሬታ ሲመጣ ፎቶው ላይ ከላይ ሰዓትና ባትሪ፣ ከታች በተኖቹ፣ መሀሉ ግን ድፍን ጥቁር። የባንክና የክፍያ አፖች ብዙ ጊዜ ፍላግ ሴኪዩር የሚባለውን ምልክት መስኮታቸው ላይ ያደርጋሉ። ያ ምልክት ያለበት መስኮት በፓወር ቁልፍም፣ በሚዲያ ፕሮጀክሽንም አይነሳም። ማለፊያ መንገድ ለመፈለግ ጊዜ አታጥፉ። ያለ ሩት፣ ማለትም የሲስተሙን ጥበቃ ሳይሰብሩ፣ የለም፤ ደንበኛ ስልክ ላይ ሩት ደግሞ አይታሰብም። ለሰፖርት ክፍል በግልጽ ንገሯቸው፦ የክፍያ አፕ ውስጥ ያለ ችግር በፎቶ አይመጣም፣ በቃል ይጠየቃል። ከአንድሮይድ 15 ወዲህ ደግሞ ስክሪን ሲጋራ የሚስጥር ኮድ የያዙ ኖቲፊኬሽኖች ይዘታቸው ይደበቃል። ጥሩ ነው። የማንንም የማረጋገጫ ኮድ ሰርቨራችን ላይ ማየት አልፈልግም።

አክሰሰቢሊቲ ለምን አልሆነም?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጠቆመኝ አቋራጭ ነበር። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ አክሰሰቢሊቲ ሰርቪስ ራሱ ስክሪንሾት ማንሳት ይችላል። ሰው አንድ ጊዜ ሴቲንግ ገብቶ ካበራው፣ ከዚያ በኋላ በየጊዜው ዳያሎግ የለም፣ ቆጠራ የለም። ምስሉም ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ያ የሮው ስትራይድ ጣጣ እንኳ አይነካችሁም። ሁለት ፎቶ በጣም ካቀራረባችሁ ብቻ ቆይ ይላችኋል።

እኔ እምቢ አልኩ። አክሰሰቢሊቲ የተሠራው ማየት ወይም መንካት ለሚቸግራቸው ሰዎች ነው። የባንክ መረጃ የሚሰርቁ ማልዌሮች በብዛት የሚገቡትም በዚሁ በር ነው። ጉግል ፕሌይም ለምን እንደምትጠቀሙበት አስረዱ ይላል፤ "ለሰፖርት ፎቶ" የሚል ምክንያት ያሳልፋል ብዬ አላምንም። እኛ አገር ደግሞ አፕ በቴሌግራም በኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) መላላክ የተለመደ ነው። አንድሮይድ 13 ከስቶር ውጭ የተጫነ አፕ አክሰሰቢሊቲን እንዳያስከፍት ይከለክላል፤ ለማስከፈት ሰውየው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ክልከላውን በእጁ ማንሳት አለበት። አስቡት እስቲ፣ የኛ ሰፖርት ለአንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ደውላ የስልካቸውን ጥበቃ እንዴት እንደሚያጠፉ ስታስተምር። ነገ አጭበርባሪ ደውሎ ያንኑ ሲላቸው "ይሄንማ አውቀዋለሁ" ነው የሚሉት።

ለማየት ለተሳናቸው ጽሑፍ የሚያነብ አፕ የምትሠሩ ከሆነ ግን ትክክለኛው መሣሪያ ይሄ ነው፤ ከሚዲያ ፕሮጀክሽን ይልቅ ለተጠቃሚውም ይቀላል።

ቢሮ ውስጥ ለመፈተሽ ብቻ ለምትፈልጉት ከዚህ ሁሉ የሚቀል አለ። ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኙና ኤዲቢ በሚባለው የአንድሮይድ መሣሪያ ስክሪን ካፕ የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። አንድ መስመር ነው፣ ፒኤንጂ ፋይል ያወጣላችኋል። ያንኑ ትእዛዝ ከአፕ ውስጥ ለማስኬድ የሚሞክሩ አሉ፤ አይሠራም፣ ለተራ አፕ የማይሰጥ የሲስተም ፈቃድ ይፈልጋል።

አይፎን

አይፎን ላይ አንድ አፕ የሙሉ ስልኩን ስክሪንሾት የሚያነሳበት ይፋዊ መንገድ የለም። የራሳችሁን መስኮት ግን ከአይኦኤስ 7 ጀምሮ ድሮው ሃይራርኪ (drawHierarchy) በሚባለው ትእዛዝ ማንሳት ትችላላችሁ፤ ከአይኦኤስ 10 ጋር ከመጣው የምስል ሬንደረር ጋር ሲጣመር ጥቂት መስመር ነው። ከአፑ ውጭ ያለውን ማየት የሚቻለው በአፕል የስክሪን መቅረጫ፣ በሪፕሌይ ኪት፣ ብሮድካስት ኤክስቴንሽን ነው። ተጠቃሚው ራሱ ስርጭቱን ያስጀምራል። ኤክስቴንሽኑ የተፈቀደለት ሜሞሪ 50 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ትላልቅ ምስሎችን ሲያገላብጥ ሲስተሙ ይገድለዋል። ለአንድ ፎቶ ይሄን ሁሉ መሥራት አልታየኝም።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። ተጠቃሚው አፑ ውስጥ እያለ በቁልፎቹ ስክሪንሾት ሲያነሳ አይኦኤስ ለአፑ ያሳውቃል። ያኔ "ችግር ገጥሞዎት ነው? ለኛ መላክ ይፈልጋሉ?" ብለን እንጠይቃለን። ማሳወቂያው ፎቶውን አይሰጥም፤ ሰውየው ከጋለሪው ይመርጣል፣ ወይም እኛ የራሳችንን መስኮት እንቀዳለን። አንድሮይድ 14ም ተመሳሳይ ማሳወቂያ አምጥቷል፤ እሱም የሚሠራው በቁልፍ ለተነሳ ብቻ ነው።

ሰውየው ምን ያያል?

የሲስተሙ ዳያሎግ ያስፈራል። ስክሪንህ ላይ ያለውን ሁሉ፣ የይለፍ ቃልም ጭምር፣ ሊያይ ይችላል ይላል። እውነቱን ነው። የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አብዛኞቹ አይ ብለው ዘጉት። ስለዚህ ከዳያሎጉ በፊት የራሳችንን አንድ ገጽ በአማርኛ አስገባን። አንድ ፎቶ ብቻ እንደሚነሳ፣ ከመላኩ በፊት እርሶ እንደሚያዩት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከስልኩ እንደሆነ የሚናገር። ከዚያ በኋላ ፈቃዱ በጣም ተሻሻለ።

ፎቶው ከተነሳ በኋላ በግድ ይታያል። መሸፈኛ ብዕርም አለው፤ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የብር መጠን በጣት ይሸፈናል። የተሸፈነው ቦታ ምስሉ ላይ ተሥሎ ነው የሚሄደው፤ ከላዩ የተቀመጠ ሌየር ብቻ ከሆነ ማንም ያነሳዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ይሄ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሰው ስክሪን ላይ የሌላ ሰው የቴሌግራም መልእክትም ሊኖር ይችላል፤ እሱን ማንም አላስፈቀደውም። ጉዳዩ ሲዘጋ ፎቶው ከሰርቨሩ በራሱ እንዲጠፋ አድርገናል።

ስለ መጠኑም ትንሽ ልበል። 1080 በ2400 የሆነ ስክሪን ሳይጨመቅ ሜሞሪ ላይ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ርካሽ ስልክ ላይ ኢሜጅ ሪደሩን ብዙ ምስል እንዲይዝ አትፍቀዱለት፤ ሁለት ይበቃዋል። ለመላክ ወርዱን ወደ 720 አሳንሰን በጄፔግ እንጨምቀዋለን። የዳታ ብር የሚያልቀው የደንበኛው ነው። ጥራቱን በጣም ስታወርዱት ግን የአማርኛ ፊደል ቶሎ ይጎዳል፤ "ሉ" እና "ሊ" ይመሳሰላሉ፣ ትንንሾቹ ቅጥያዎች ይደበዝዛሉ። የጄፔጉን የጥራት ቁጥር ከ80 በታች ስናወርድ ሰፖርት ክፍል ማንበብ አቃተን አለ፣ 80 ላይ ቆምን።

የምትፈትሹባቸው ስልኮች ቢያንስ ሁለት ዓይነት ይሁኑ። አንዱ አንድሮይድ 14 ወይም ከዚያ በላይ ያለው፤ የቅደም ተከተል ስህተት ሁሉ እዚያ ይወጣል። ሌላው ሜሞሪው ትንሽ የሆነ አንድሮይድ 8 ወይም 9፤ የሜሞሪ ችግሩና ባትሪ ቆጣቢው ሰርቪሱን የሚገድልበት ነገር እዚያ ይታያል። ስልኩን አዙራችሁ በጎኑም አንሱ። ኪቦርድ ተከፍቶም አንሱ። ከዚያ አንድ የባንክ አፕ ከፍታችሁ አንሱና መሀሉ ጥቁር መሆኑን አረጋግጡ። ጥቁር ካልሆነ ለዚያ ባንክ ደውሉላቸው።